ሬሳ ያላዩ ለቀስተኞች

ቴአትር ሞቷል ይሉናል። ይህን የሚሉን ከኪነ ጥበብ ጋር ትውውቅ የሌላቸው ሰዎች ቢሆኑ ባልከፋ ነበር። የሚሉን ግን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ናቸው፤ በመጽሐፍ ምረቃ ቀን የፊት ወንበር የማያጡ፣ ሦስት ሆነው ከተቀመጡ ማኪያቷቸው እስኪቀዘቅዝ ስለ ጸጋዬ ገብረ መድኅንና ስለ መንግሥቱ ለማ የሚያወጉ ናቸው። «ለመሆኑ ቴአትር ቤት የገባችሁት መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቅ መልሳቸው ይመሳሰላል። አንዱ ተማሪ ሳለ ነው፣ ሌላው ትዳር ሳይዝ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ «እነ ወጋየሁ ንጋቱ ካለፉ ወዲያ ምን ይታያል?» ይላል።

በአገራችን ለቅሶ የሚደርስ ሰው ቢያንስ መቼ ሞተ፣ ምን አገኘው፣ የት ተቀበረ ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ለቀስተኞች ግን ሬሳ ሳያዩ፣ ቀብር ሳይወጡ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ሞተ የተባለው እሁድ ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ሲገልጥ አንዳቸውም በዚያ የሉም።

ጠቤ ከማን ጋር እንደሆነ አስቀድሜ ልለይ። የትኬት ዋጋና የቤት አስቤዛ ከሚጋጩበት ሰው ጋር ጠብ የለኝም። ሲመሽ ታክሲ የሚጠፋባትን እህትም አልወቅስም። ጠቤ ገንዘቡም ጊዜውም ሳያንሰው ቴአትርን ከመጽሐፍ ያነሰ፣ ሙዚቃን ደግሞ ከቴአትር ያነሰ አድርጎ ከሚያይ አንባቢ ጋር ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው ደመወዙን በምን ላይ እንደሚያውለው ጥቂት ጥቂት ይገባኛል። የአንድ ምሽት የድራፍት ሒሳብ ከቴአትር ትኬት እንደሚበልጥ ለማወቅ ግን ባንክ ቤት መሥራት አያሻም።

ተውኔት እንደ ልብ ወለድ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ አንባቢውን የሚጠብቅ ጽሑፍ አይደለም። በመድረክ ከታዩት የአማርኛ ተውኔቶች ለኅትመት ያልበቁት እጅግ ብዙ ናቸው፤ እነዚህ ከተዋናዩ አፍና ከተመልካቹ ጆሮ በቀር ሌላ ማደሪያ የላቸውም። እንግዲህ «ሥነ ጽሑፍ እወዳለሁ» እያለ ቴአትር የማያይ ሰው ከሚወደው ነገር ብዙውን ሳያነብ አልፏል ማለት ነው። የታተመውም ቢሆን በወረቀት ላይ ግማሹ ብቻ ነው ያለው። የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ብቻውን የሚያነብ ሰው ፈገግ ይላል። አዳራሽ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። ሳቅ ሲነሣ ተዋናዩ ቀጣዩን ቃል አፉ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል፤ ሳቁ ጫፍ ደርሶ ሊበርድ ሲል፣ ፈጽሞ ሳይበርድ፣ ይለቀዋል። ቢቸኩል ቃሉ በሳቁ ይዋጣል፣ ቢዘገይ ይቀዘቅዛል። ይህን ልክ ደራሲው በወረቀት ሊያሰፍረው አይችልም። በየቀኑ፣ ከዚያ ቀን ተመልካች ጋር፣ እንደገና የሚሰፈር ነው። «የጸጋዬ ቤት» ተብሎ በስሙ የተጠራው ስንኝም እንዲሁ ነው። በዓይን ብቻ የሚያነበው ሰው ከበደኝ ብሎ ያማርራል፤ ደረቱ የሰፋ ተዋናይ በአንድ ትንፋሽ ሲያወርደው የሰማ ሰው ግን ያ ርዝመት ለዓይን እንዳልተሰፋ ወዲያው ይገባዋል።

ይህ የደረጃ ምደባ፣ መጽሐፍ ከላይ፣ ቴአትር ከመሐል፣ ዘፈን ከታች የሚለው፣ የዛሬ ነገር አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት፣ ፋቡላን፣ የጻፉት ቴአትር ተብሎ የታያቸው ነገር ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ ስላገኙት ነው ይባላል። አውሬ ያናገሩበት ሥራቸው ሹማምንትን የሚነካ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ክብራቸው እንዳለ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የተሰመረው መስመር፣ ተውኔት ቁም ነገር ዘፈን ማላገጫ የሚለው፣ ከሥራቸው ይልቅ ዕድሜ ያገኘ ይመስለኛል።

መድረኩ ራሱ ግን ይህን መስመር ተቀብሎት አያውቅም። በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ዘፈኑንና ተውኔቱን በአንድ ጣሪያ ሥር አሳድጓል፤ ጥላሁን ገሠሠ የተነሣው ከዚያ መድረክ ነው። በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ተዋናይና ሙዚቀኛ በአንድ ቤት የያዘ ነበር። አስናቀች ወርቁን ምን እንበላት? ክራር ስትደረድር ዘፋኝ ናት፣ መድረክ ስትወጣ ተዋናይ ናት። የትኛዋ አስናቀች ናት ከሥነ ጽሑፍ ውጭ የምትሆነው? ክራሯን ይዛ ስንኝ ስታወርድ ያለችው ከሆነች፣ እኔ ከእሷ ጋር ውጭ መሆንን እመርጣለሁ።

ስለ አዝማሪ ቤት ስናገር ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ወዳጆች አሉኝ። ሰምና ወርቅ ላይ ጥናት ያነበቡ፣ የቅኔ ዓይነት በቃላቸው የሚዘረዝሩ ናቸው። ያ የሚያደንቁት ጥበብ ዛሬም ማታ ማታ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በዚያ ጠባብ ክፍል፣ በማሲንቆ ዙሪያ ነው። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይወረውራል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ሌላው ጠረጴዛ ይመልሳል። ገጣሚ ነኝ የሚል ሰው ሥራው ያረፈበትን ፊት በዚያው ቅጽበት የሚያይበት ሌላ ስፍራ እስቲ ይንገረኝ። የመጽሐፍ ሒስ ዓመት ይፈጃል፤ በአዝማሪ ቤት ስንኝህ ካልሰመረ ሰው ወዲያው ወደ መጠጡ ይመለሳል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈር ሲፈርስና ፈንድቃ ለዓመታት ከቆየበት ቤት ሲነሣ፣ ከመካከላችን አንዱ በሌላ ሰፈር ለተቀመጠ አዝማሪ እንዲህ ብሎ ሰጠው፦

የአዝማሪው ቤት ፈርሶ ማን ሜዳ ላይ ቀረ?
እሱስ ቤት ሲመታ ሰሚው ውጭ አደረ።

አዝማሪው ሁለት ጊዜ ደገመው። ጓደኛዬ በሕይወቱ አንድም ግጥም አላሳተመም፤ የሚሠራው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው።

የሚዘጋ ቤት አለ፣ አልክድም። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዛምባ አብሮ ነደደ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አዳራሾች ተቆልፈው ከርመዋል። ከቦታው ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የጎደለው ወንበር ነው። የነደደ ቤት በሌላ ቦታ ይሠራል፤ የሚመጣ ሰው ከሌለ ግን ለማን ይሠራል?

አሁን የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «የሚታየው ቴአትር ደካማ ነው» ይሉኛል። አዎን፣ ብዙው ደካማ ነው። የገጠሬን አነጋገር በማጣመም ብቻ ሳቅ የሚለምን ተውኔት አይቻለሁ። ሦስተኛው ገቢር ላይ ደራሲው ደክሞት ሁሉንም በመኪና አደጋ የገደለበትን አይቻለሁ። በአንድ አዳራሽ ከተባለው ሰዓት አርባ ደቂቃ ዘግይተው ጀምረው፣ ይቅርታ ሳይጠይቁ፣ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ አሳይተውናል። ታዲያ ይኸው ወዳጄ በዓመት ስንት ደካማ ልብ ወለድ ያነባል? ልብ ወለድ ሞተ ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም። መጥፎ መጽሐፍ ሲገጥመው ደራሲውን ይወቅሳል፤ መጥፎ ቴአትር ሲገጥመው ጥበቡን ይቀብራል። ይህ ፍርድ አይመስለኝም።

«ተመልካቹስ? በሚያለቅሱበት ቦታ ይስቃል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ይስቃል። እናት በልጇ አስከሬን ላይ ስትወድቅ ከኋላ ወንበር ሳቅ ሲፈነዳ ሰምቼ ተናድጃለሁ። ከዚያ ግን አስተዋልኩ፤ የሚስቀው ብዙ ጊዜ ዕንባው የመጣበት ሰው ነው። ደግሞስ ተመልካቹን የሚያርመው ማን ነው? አዋቂው ተመልካች ቤቱ ተቀምጦ አላዋቂውን ቢሰድብ አዳራሹ አይታረምም።

«በዩቲዩብ ይገኛል» ለሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በረከት በላይነህ የጻፈውን፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተውን «እያዩ ፈንገስ»ን አስቡ። መድረኩ ላይ ያለው አንድ ሰው ነው። ነገር ግን አንዲት ሹል ቃል ስትወረወር፣ ሰው ከመሳቁ በፊት አጠገቡ የተቀመጠውን የሚያይባት ቅጽበት አለች። ልሳቅ ወይስ ዝም ልበል? ጎኔ ያለው ማን ነው? ከዚያ አንዱ ይደፍራል፣ አዳራሹ ይከተላል። የዚህች አገር ታሪክ ግማሹ በዚያች ቅጽበት ውስጥ አለ። ስልክ ይዞ ብቻውን አልጋው ላይ የተጋደመ ሰው የሚያየው ጎረቤት ስለሌለው፣ ቀልዷ ትደርሰዋለች እንጂ ድፍረቷ አትደርሰውም።

ስለዚህም ነው ከጓደኛ ጋር መሄድን እንደ ጌጥ የማላየው። እኛ አምስት ነን፤ የምንጠጣው ዕቁብ ግን ብር አያስገኝም። ደመወዝ በገባ ማግሥት ሁሉም ድርሻውን ያወጣል፣ ዕጣ የደረሰው የምናየውን ይመርጣል፣ የቀረነው ምርጫውን የማማረር መብት አለን። አንድ ወር ቴአትር፣ አንድ ወር ማሲንቆ፣ ሲገኝ ግጥም በጃዝ። መለዋወጫ ሻጩ ኮሜዲ ይወዳል፤ ነርሷ ጓደኛችን ሰው ካልሞተ ቴአትር አይመስላትም። አዳራሽ ውስጥ የምናየው ግማሹን ሲሆን ሌላው ግማሽ የሚታየው ከወጣን በኋላ፣ በእግራችን ወደ ታክሲ ስንወርድ ነው። ሒስ የለንም ብለው በየመድረኩ የሚያለቅሱ ሊቃውንት አንድ ቀን ከኋላችን ቢራመዱ ምንኛ በወደድኩ! ተዋናይዋ ለምን ጀርባዋን ሰጠች፣ መብራቱ ለምን ቶሎ ጠፋ፣ ያ ስንኝ ቤት ይመታል ወይስ ቤት ያፈርሳል። ማንም አላሳተመውም እንጂ ይህ ሒስ ነው።

ባለፈው ወር ያየነው ተውኔት መጨረሻ ላይ ባል በር ያንኳኳል፣ ሚስት ቁልፉን በእጇ ይዛ ቆማለች፣ መጋረጃው ይዘጋል። ነርሷ «ከፍታለታለች፣ እጇ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ» አለች። መለዋወጫ ሻጩ «ቁልፉን ኪሷ ከተተችው፣ አንቺ የተቀመጥሽው በግራ ስለሆነ አላየሽም» አላት። ሦስት ሳምንት ሆናቸው፣ ስልክም አይደዋወሉም። የፊታችን እሁድ እንደገና ልናየው ተስማምተናል፤ በዚህ ጊዜ ቦታ ተለዋውጠው ይቀመጣሉ።