አንድ ጥሩንባ ለሰባት ሰፈር

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ኢንተርኔት የሚሸጥላችሁ ድርጅት ጋ ደውላችሁ "ተቋርጧል" ስትሉ፣ መልሱ ለምንድን ነው ሁልጊዜ "ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩት" የሚሆነው? ብልሽቱ እናንተ ቤት ስለሆነ? አንዳንዴ አዎ። ብዙ ጊዜ ግን ብልሽቱ የት እንዳለ ስልኩን ያነሳው ልጅ ራሱ ስለማያውቅ ነው። የማያውቀው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አለቆቹ ኔትወርኩን የሠሩት ብልሽት የት እንዳለ በማይታወቅበት መንገድ ስለሆነ ነው።

የዛሬ ጠቤ ከእነዚህ አለቆች ጋር ነው። በተለይም በጣሪያና በማማ ላይ አንቴና ሰቅለው ኢንተርኔትን በአየር ከሚሸጡት ትናንሽ ድርጅቶች ጋር። በአሜሪካ ገጠር፣ በቼክ ሪፐብሊክ፣ በአፍሪካም ከተሞች ሞልተዋል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች "አያዋጣንም" ብለው የተዉትን መንደር የሚደርሱለት እነሱ ናቸውና ክብር ይገባቸዋል። ግን ብዙዎቹ አንድ ክፉ ልማድ አላቸው፤ ኔትወርካቸውን በ"ብሪጅ" ይጀምራሉ፣ በብሪጅ ያረጃሉ። የኔ አቋም አጭር ነው፤ ማማው ሁለትና ሦስት ከሆነ በኋላ ብሪጅ ላይ ሙጭጭ የሚል ድርጅት የራሱን ስንፍና ዋጋ ለደንበኛው እያስከፈለ ነው። ወደ ራውቲንግ ይሻገር።

"ጋዜጠኝነት የተማረች ልጅ ስለ ራውተር ምን አገባት?" የምትሉ አትጠፉም። ኢንተርኔት የሚከፍል ሁሉ ያገባዋል፤ ጉዳዩን ለቴክኒሺያኖች ብቻ ስለተውነው አይደል እዚህ የደረስነው?

እስቲ በቋንቋችን እናውራው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ማክ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው። እንደ መታወቂያ ቁጥር ቁጠሩት፤ ማን እንደሆናችሁ ይናገራል እንጂ የት እንደምትኖሩ አይናገርም። አይፒ አድራሻ ደግሞ እንደ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ነው። ራውተር የሚሠራው በሁለተኛው ነው፤ ወረዳውን ካወቀ መልእክቱን ወደዚያ አቅጣጫ ይልካል፣ የቀረው የወረዳው ሥራ ነው። ብሪጅ የሚያውቀው መታወቂያውን ብቻ ነው። እና መሣሪያዎች በብሪጅ ውስጥ እንዴት ይፈላለጋሉ? በመጮህ። "ይህ አድራሻ ያለው ማነው?" የሚለው ጩኸት ማማ ከማማ፣ ቤት ከቤት ሳይለይ ኔትወርኩን ያዳርሳል። ብሮድካስት የሚባለው ይህ ነው።

የእድር ጥሩንባ አስቡ። ሠላሳ አባወራ ባለበት ሰፈር ጥሩንባ ነፊው ጎህ ሲቀድ ቢዞር ነውር የለውም፤ የሚመለከተው ሁሉ ይሰማል። የኮልፌው ጥሩንባ ነፊ ግን ቦሌና ቃሊቲ ድረስ ወርዶ ሁሉንም ቢቀሰቅስስ? የቃሊቲውም በተራው ኮልፌ ቢመጣስ? ማንም አይተኛም። ሰባት ማማ፣ አራት መቶ ደንበኛ በአንድ ብሪጅ ላይ ሲሆኑ የሚሆነው ይኸው ነው።

በገመድ ላይ ይህ ያሰለቻል። በአየር ላይ ግን ይገድላል። ዋይፋይ ብሮድካስትን የሚልከው እጅግ ደካማው ደንበኛ ጭምር እንዲሰማ ብሎ በዝቅተኛው ፍጥነት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ በቆየው ቅንብር በሰከንድ 1 ሜጋቢት፣ በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 6 ሜጋቢት ማለት ነው። ለአንድ ደንበኛ በ54 ሜጋቢት የሚሄድ ዳታ በ1 ሜጋቢት ሲጮህ አየሩን ሃምሳ እጥፍ ያህል ጊዜ ይይዘዋል። አየሩ ደግሞ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ይዘጋል። "ፓኬጄ 10 ሜጋ ነው፣ ማታ ማታ ግን ዩቲዩብ አይከፍትልኝም" የሚለው ደንበኛ ወሬ እያወራ አይደለም። የገዛው ኢንተርኔት በማያውቃቸው ሰዎች ጥሩንባ እየተበላ ነው።

ሁለተኛው ጉድ የጎረቤት ጥፋት ነው። አንድ ደንበኛ አዲስ ራውተር ገዝቶ የድርጅቱን ገመድ በተሳሳተው ቀዳዳ ይሰካዋል። ያ ራውተር ወዲያው "አድራሻ የማድለው እኔ ነኝ" ብሎ 192.168 የሚል ቁጥር ለሰፈሩ ሁሉ ማደል ይጀምራል። ቁጥሩን የተቀበለ ሁሉ ከኢንተርኔት ይቆረጣል፤ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው ጭምር። በደንብ በተሠራ ራውቲንግ ግን ያ ስህተት ቢበዛ አንድ ማማ ላይ ይቀራል፤ የደንበኛው አንቴና ራሱ ራውተር ከሆነ ደግሞ ከአጥፊው ግቢ አይወጣም።

ሦስተኛው ሉፕ ነው። የአይፒ ፓኬት ዕድሜ አለው፤ ቢበዛ ከ255 ይነሳል፣ ባለፈበት ራውተር ሁሉ አንድ ይቀነስለታል፣ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። መንገድ ቢስትም ይሞታል። በብሪጅ የሚጓዘው የኤተርኔት ፍሬም ግን ዕድሜ የለውም። አንድ ሰው የአንድን ገመድ ሁለቱንም ጫፎች እዚያው ስዊች ላይ ቢሰካ፣ አንዱ ጩኸት እየተባዛ ማለቂያ በሌለው አዙሪት ይሽከረከራል፤ ኔትወርኩ እስኪወድቅ።

"ለዚያማ ስፓኒንግ ትሪ አለን" ይላሉ። አዎ፣ አለ። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ዲጂታል ኢኪውፕመንት በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሆና የፈጠረችው ድንቅ ዘዴ ነው። ግን ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ሉፕ እንዳይፈጠር ትርፍ መንገዶችን ይዘጋል። ሁለት አንቴና ገዝታችሁ፣ ለሁለት ማማ ኪራይ ከፍላችሁ፣ አንዱ መስመር ቁጭ ብሎ ይመለከታል ማለት ነው። የሚሠራው ሲቆረጥ ደግሞ የድሮው ስፓኒንግ ትሪ ሌላውን ለመክፈት ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል። አዲሱ ይፈጥናል፤ መዝጋቱን ግን አልተወም። ራውቲንግ ሁለቱንም መንገድ ያሠራል፣ አንዱ ሲሞት በራሱ በሌላው ይዞራል።

ይህ የኮምፒውተር ልጆች ጭቅጭቅ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ቦስተን እንሂድ። ኅዳር 13 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. ቤዝ ኢዝራኤል ዲከነስ የተባለው የሃርቫርድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ኔትወርክ ወደቀ። ሆስፒታሉ በ1996 ከሁለት ሆስፒታሎች ውህደት የተወለደ ነው፤ ኔትወርኩም ላዩ ላይ እየተቀጠለ ያደገ አንድ ትልቅ ብሪጅ ነበር። ስፓኒንግ ትሪ በተለመደው ቅንብሩ ከዳር እስከ ዳር ከ7 ስዊች በላይ እንዳይሆን ይመከራል፤ የሆስፒታሉ ከዚያ አልፎ ነበር። የአንድ ተመራማሪ የፋይል መለዋወጫ ሶፍትዌር ዳታ ሲያጥለቀልቀው ሁሉም ነገር ተንኮታኮተ። ሐኪሞች ለአራት ቀን ያህል የመድኃኒት ማዘዣና የላቦራቶሪ ውጤት በወረቀት፣ በሰው እግር ተላላኩ። የሲስኮ መሐንዲሶች ተጠሩ። መድኃኒቱ ምን ነበር? ኔትወርኩን ቆራርጦ በራውቲንግ ማገናኘት። የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊው ጆን ሃላምካ ታሪኩን ሳይደብቁ ለዓለም ተናገሩ፤ ለዚህ ነው እኛም የምናውቀው። በብዙ ገንዘብ የሚተዳደር የቦስተን ሆስፒታል ይህ ከደረሰበት፣ ማማ ላይ በሽቦ ታስሮ የቆመ ስዊች ያላችሁ እናንተ በምን ተማምናችሁ ትተኛላችሁ?

መልሳቸውን አውቀዋለሁ። "ካልተበላሸ አትንካው።" ተበላሽቷል እኮ! የተበላሸው ግን የደንበኛው ማታ ስለሆነ እናንተን አላመማችሁም። "ራውተር ውድ ነው።" ላትቪያ ውስጥ ያለው ሚክሮቲክ የሚሸጣቸው ትናንሽ ራውተሮች ዋጋ ከአንድ ጥሩ አንቴና ብዙ አይርቅም፤ እንዲያውም ብዙዎቻችሁ ማማ ላይ ሰቅላችሁ በብሪጅ የምታሠሩት ዕቃ ራውቲንግ ይችላል። "ደንበኛን ከደንበኛ በቪላን ለይተናል።" ጥሩ ነው፣ ጩኸቱን ይቀንሳል። ግን የአንድ ማማ ሁለት ጎረቤቶች ለመገናኘት አሁንም ዋናው ቢሮ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ሉፑም አልሞተም። "የሚያውቅ ሰው የለንም።" እውነተኛው ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው ደግሞ መማር ነው። ኦኤስፒኤፍ የሚባለው የራውቲንግ ፕሮቶኮል አሁን የምንጠቀምበት ሁለተኛ እትሙ በ1998 የታተመ ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረን ነገር "አዲስ ነው፣ ያስፈራል" ማለት አያምርም።

ትንሽ ስለሆንን አንችልም የሚሉ ደግሞ ካታሎኒያን ይዩ። ጊፊ ኔት የሚባለው የነዋሪዎች ኔትወርክ በ2004 ኦሶና በምትባል ገጠራማ አካባቢ ተጀመረ። ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ነጥቦች አሉት። የሠሩት የመንደር ሰዎች ናቸው፤ ዋና ዋና ነጥቦቻቸውም የየራሳቸው የአድራሻ ክልል ተሰጥቷቸው በራውቲንግ ይገናኛሉ። አንድ ብሪጅ ይህን ሁሉ ቢሸከም ኖሮ አንድ ቀን አያድርም ነበር።

ሥራውም በአንድ ሌሊት ተሠርቶ የሚያልቅ ፍልሚያ አይደለም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ማማ የራሱን የአድራሻ ክልል ስጡ፤ አንዱ 10.1፣ ሌላው 10.2 እያላችሁ። በየማማው ራውተር አስቀምጡና አሮጌው ብሪጅ እየሠራ እርስ በርስ እንዲተዋወቁ አድርጉ። ከዚያ ከመጨረሻው ማማ ጀምሩ፤ ከኋላው ማንም ስለሌለ ቢበላሽ የሚጎዳው ራሱ ብቻ ነው። ደንበኞች አድራሻ የሚከራዩበትን ጊዜ ከአንድ ቀን ወደ ጥቂት ደቂቃ ቀድማችሁ አውርዱት፤ ያኔ ማንም ሳይደውል አዲሱን ይወስዳል። ቋሚ አድራሻ ያላቸውን አስቀድማችሁ ደውሉላቸው። አሮጌውን ቅንብር አስቀምጡ፤ ማማው ሥር ላፕቶፕ የያዘ ሰው ይቁም። አንዱ ሲያልቅ ሳምንት ጠብቁና ቀጣዩን። በቃ።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል አንድ ነገር ልመርቅ፤ አንድ ማማና ሠላሳ ደንበኛ ያለው ድርጅት በብሪጅ ቢቆይ አልፈርድበትም። ጥሩንባው ለሠላሳ አባወራ ነው የተሠራው። የምቃወመው ለሰባት ሰፈር ሲነፋ ነው።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ብቻ የሚመስለውም ይሳሳታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ለግል ኦፕሬተሮች በር ከፍቷል። ከዚያ በፊትም ሆነ አሁን አንድ መስመር አስገብቶ፣ ስዊች በስዊች፣ ራውተር በራውተር እየቀጠለ ለሕንፃ ተከራይ ሁሉ የሚያዳርስ አከራይ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ያ ሕንፃ ትንሹ ቦስተን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው የጥርስ ክሊኒክ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ባለ የፕሌይስቴሽን ቤት ገመድ ምክንያት ሥራ ሊፈታ አይገባም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ "አጥፍታችሁ አብሩት" ስትባሉ እሺ ብላችሁ አትዝጉት። "ኔትወርካችሁ ብሪጅ ነው ወይስ ራውቲንግ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ካሉ መልሱን አገኛችሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ገንዘባችሁን ይዛችሁ የት እንደምትሄዱም አብራችሁ አስቡበት።

ቸር እንሰንብት።