ወፏ መጀመሪያ ወፍ ትሁን

ዴንማርካዊው ሠዓሊ ኤከርስበርግ እ.ኤ.አ. በ1820 የኮፐንሃገኑን ነጋዴ የናታንሰንን ሴት ልጆች፣ ቤላንና ሐናን፣ ሥሏል። አንዷ ፊት ለፊት ታየናለች፤ ሌላዋ በጎኗ ትታያለች። አብራቸው በሽቦ ቤት የተዘጋች በቀቀን አለች።

«በቀቀኗ የሴቶቹ እስር ናት!» ይላል ሐያሲው፤ ብሎም ጉዳዩን ይዘጋል። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ፊርማ ሳላይ ገንዘብ አልከፍልም። ሐያሲው ግን ሳያይ ከፈለ። ሰምና ወርቅ ያሳደገን እኛም እንዲሁ ነን፤ ወርቁን ለማውጣት ስንጣደፍ ሰሙን እንጥላለን።

ሰሙ ይኸውና፦ ናታንሰን ለወገኖቹ መብት የታገለ አይሁዳዊ ነበር። የዴንማርክ አይሁዶች ሰፊ የዜግነት መብት በሕግ ያገኙት በ1814 ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ይህ አባት ልጆቹን በሀገሪቱ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ፕሮፌሰር እጅ አሣላቸው። ሽቦውን ብቻ ያየ፣ የተከፈተውን በር አላየም።

«በሩ የተከፈተው ለአባት እንጂ ለልጆቹ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ይህን የሚጠይቅ በሁለቱ ፊቶች ፊት የቆመ ሰው ነው። ምልክት ፈላጊው ቀድሞ ሄዷል።

እኔስ ብሆን በግጥሞቼ ስንቷን ወፍ፣ ላባዋን እንኳ ሳላይ፣ «ነፃነት» ብዬ አስሬያለሁ!