ስድስት ወይስ አምስት ከአንድ?

ከወዳጁ የተለየ ሰው «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ የተቸገረን አይቶ የራራ «አንጀቴን በላው» ይላል፤ ነገሩን ያስተዋለ ደግሞ «ልብ አለ» ይባላል። የሥነ አካል ትምህርት እንደሚያስረዳን ግን አንጀት ምግብ ያልማል እንጂ አይራራም፤ ልብም ደም ይረጫል እንጂ አያስተውልም። ታዲያ አባቶቻችን ተሳስተዋል ማለት ነውን? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደዚያ አያምንም። ልባችንና የምግብ መፍጫ ሥርዓታችን በነርቭ ከአንጎል ጋር የተሳሰሩ በመሆናቸው፣ ስንደነግጥ ልብ ይመታል፣ ስንጨነቅም ሆድ ይላወሳል። ቋንቋችን የመዘገበው ሰውነት የተሰማውን ነው።

ስለ ጊዜ የምንናገርበትንም መንገድ እንመልከት። «በፊት» ስንል ያለፈውን፣ «ወደፊት» ስንል የሚመጣውን ማለታችን ነው። ሁለቱም ቃላት የተገኙት ግን ከአንዱ የሰውነታችን ክፍል፣ ከፊት ነው። በመጀመሪያው፣ ድርጊቶች እንደ ተሰለፉ ሰዎች ሆነው ከእኛ ቀድሞ የደረሰው ከፊታችን ይቆማል፤ በሁለተኛው ደግሞ መንገደኞቹ እኛው ነንና ፊታችን ወደሚያይበት እንጓዛለን። ጊዜ አይታይም፣ አይዳሰስም፤ ስለሆነም ሰው ያልዳሰሰውን በዳሰሰው ለክቶ ይናገረዋል።

ጆርጅ ሌከፍና ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ በሰፊው አቅርበዋል። በካምብሪጅ የሚገኙ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2004 ሰዎች «መላስ»፣ «መልቀም»፣ «መርገጥ» የሚል ትርጉም ያላቸውን ግሦች ያለ ድምፅ ሲያነቡ፣ ምላስን፣ ጣትንና እግርን ከሚያንቀሳቅሱት የአንጎል ክፍሎች ጋር የሚዋሰኑ ወይም የሚደራረቡ ሥፍራዎች እንደሚነቁ አሳይተዋል።

ለዚህ ጉዳይ እጅግ ግልጽ የሆነውን ምሳሌ ለማግኘት ግን ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልገንም፤ ጋምቤላ በቂ ነው። በላሬና በጅካዎ ወረዳዎች የሚኖር የኑዌር ልጅ ሲቆጥር አንድን «ከል»፣ ሁለትን «ረው»፣ አራትን «ንጉዋን» ይላል። ስድስት ላይ ሲደርስ «ባከል»፣ ሰባት ላይ «ባሮው»፣ ዘጠኝ ላይ «ባንጉዋን» ይላል። አንባቢ እንደሚያስተውለው በስድስት ውስጥ አንድ፣ በሰባት ውስጥ ሁለት፣ በዘጠኝ ውስጥ አራት ይሰማል። የአንድ እጅ ጣቶች በአምስት ያልቃሉ፤ ቆጠራው ወደ ሌላው እጅ ተሻግሮ ከአንድ ይጀምራል። በአማርኛ «ስድስት» የሚለው ቃል ግን ስለ ውስጡ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም፤ እንዲሁ በቃል ይጠናል።

እንዲህ ያለውን አቆጣጠር ኋላ ቀር አድርጎ የሚመለከት አይጠፋም። ይህ ስሕተት ነው። ሮማውያን ስድስትን ሲጽፉ የአምስትን ምልክት አስቀድመው አንድ ጭረት ያስከትሉ ነበር። በጃፓናውያን አባከስ ላይም የላይኛዋ ዶቃ አምስትን ትወክላለች። እኛ በየዕለቱ የምንገለገልበት የአሥር ቤት አቆጣጠርስ ከአሥሩ ጣቶቻችን በቀር ከየት መጣ?

የስሜት ሕዋሳትም እንደ ጣቶች ሁሉ በቋንቋ ላይ አሻራቸውን ያሳርፋሉ። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ምሁር ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕዝቡ የከብትን ቀለምና የነጠብጣቡን አቀማመጥ የሚለይባቸው ቃላት እጅግ ብዙ መሆናቸውን መዝግቧል። የቀኑንም ሰዓት ከብቶቹ ከበረት በሚወጡበት፣ በሚታለቡበትና በሚመለሱበት ሥራ ይለኩት እንደ ነበር ጽፏል። ወጣቶች ለበሬያቸው ሲዘፍኑ እጆቻቸውን እንደ ቀንድ ቀስረው እንደሚያነሡም ገልጿል። የኑዌር ዓይን ከሌላው ሰው ዓይን አይለይም፤ ከልጅነት ጀምሮ እንዲያስተውል የሠለጠነበት ነገር ግን ይለያል።

ይሁን እንጂ ሳይንስ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ሙቅ መጠጥ የያዘ ሰው ሌላውን ሰው ይበልጥ ቅን አድርጎ ይገምታል የሚል እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት በብዙ ሲወራለት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በበለጠ የተሳታፊ ቁጥር ሲደገም ውጤቱ አልተገኘም። ከዚህም ሌላ፣ ዓይነ ስውር ሆነው የተወለዱ ልጆች «ማየት»ን የመሳሰሉ ቃላትን በአግባቡ እንደሚረዱ ተረጋግጧል፤ ስሜት ያጎደለውን ቋንቋ ይሞላዋልና። ስለዚህ ሰውነት የሐሳብ መነሻ እንጂ አጥር አይደለም። የኑዌር ልጅ በአምስት ስለ ቆጠረ ከፍተኛ ሒሳብ አይሳነውም፤ እኛም በአሥር ስለ ቆጠርን አንበልጠውም።

ጉዳዩ ከፍልስፍና አልፎ ወደ መማሪያ ክፍል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል፤ በጋምቤላም የኑዌር፣ የአኝዋና የመዠንግር ቋንቋዎች ወደ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። ሆኖም በሌላ ቋንቋ የታሰበን የሒሳብ መጽሐፍ ቃል በቃል መተርጎም በልጁ ቋንቋ ማስተማር አይደለም። «ባከል» የሚለው ቃል ራሱ 5 + 1 = 6 የሚለውን ትምህርት በውስጡ ይዟል። መጽሐፉ ይህን ካላሳየ፣ መምህሩም «በጣትህ አትቁጠር» ብሎ ከተቆጣ፣ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ዕውቀት ደጃፍ ላይ ይቀራል። ጣቶቻቸውን ሳያዩ በዳሰሳ ለይተው የሚያውቁ ሕፃናት በሒሳብም የተሻሉ ሆነው እንደሚገኙ የሚያሳዩ ጥናቶች ባሉበት ዘመን፣ ጣትን ከክፍል ማስወጣት የሚያስመሰግን አይደለም።

«ልጁ ነገ አማርኛና እንግሊዝኛ መማሩ ላይቀር ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛም የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ነው። ነገር ግን ባሮን የሚሻገር ሰው መጀመሪያ ከቆመበት ዳር መነሣት አለበት። አምስት ከአንድ ስድስት መሆኑን በእጁ የጨበጠ ልጅ ያንኑ ዕውቀት በሦስት ቋንቋ ሊጠራው ይችላል፤ ቃሉን ብቻ የሸመደደው ግን በሦስቱም ባዶ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህ ሐሳብ በእምነት ብቻ እንዲወሰድለት አይፈልግም፤ ይልቁንም እንዲፈተን ይጠይቃል። የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብና የቋንቋ መምህራን ከመምህራን ማሠልጠኛው ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በጥቂት የአንደኛ ክፍሎች በተለመደው መንገድ፣ በሌሎች ጥቂት ክፍሎች ደግሞ ከጣትና ከ«ባከል» በመነሣት አስተምረው በዓመቱ መጨረሻ ውጤቱን ሊያነጻጽሩ ይችላሉ። ሥራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ዋናው መሣሪያ ከእያንዳንዱ ሕፃን ጋር በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል። ግምቱ ትክክል ሆኖ ካልተገኘም የተገኘው ውጤት ራሱ ዕውቀት ነው። እስከዚያው ድረስ ግን መምህራኖቻችን ቢያንስ አንድ ነገር ያድርጉ፤ ሕፃኑ ጣቱን አንሥቶ ሲቆጥር እጁን አውርድ አይበሉት።