የተገለበጠው ካርዱ ነው፤ በሽተኛውማ ማን ገልብጦት!

ለመሆኑ የአልጋ ቁስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ አጎቴ ላይ።

አጎቴ የሐብሩ ገበሬ ነው። መርሳ አጠገብ ካለው ማንጎው ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። በቃሬዛ ተሸክመን ከአንድ የመንግሥት ሆስፒታል አስተኛነው። (ስሙ ይቅርብኝ፤ ጠቤ ከአንድ ሆስፒታል ጋር ብቻ አይደለም።) ትኩሳቱን ለኩ፣ ግፊቱን ለኩ፣ መርፌውን በሰዓቱ ወጉት። እግዜር ይስጣቸው። ግን በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ «አባባ፣ እስቲ ብቻዎን ዞር ይበሉ፣ ልይዎት» ያለ ነጭ ጋዋን ለባሽ አላየሁም። አገላባጮቹ እኔና ከመርሳ ስንቅ ይዛ የምትመላለሰው እኅቴ ነን። እኛ ደግሞ ምን እናውቃለን? እንዳያመው ፈርተን ባንድ ጎኑ እናሳድረዋለን። በአሥራ አንደኛው ቀን አንሶላውን ስናነሳ ቆዳው አብሮ ተነሳ።

ካርዱን ወደ ራጅ ክፍል ይዤ ስሄድ ገለጥ አድርጌ አየሁት። ስለ እንቅስቃሴው በመጀመሪያው ቀን የሰፈረችው ቃል እስከ መጨረሻው ሳትለወጥ በየቀኑ ተገልብጣለች። ጽሑፉ ተገልብጧል፤ አጎቴ ግን አልተገለበጠም!

ነገሩ እኮ ጥበብ አልጠየቀም። ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም የተባሉ አሜሪካውያን የነርስ ምሁራን ያወጡት፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ መለኪያ አለ። አንዱ ጥያቄው በሽተኛው አልጋው ላይ ምን ያህል ይንቀሳቀሳል የሚል ነው። ጨርሶ የማይንቀሳቀስ 1፣ እንደ ልቡ የሚገላበጥ 4 ያገኛል። ከጠቅላላው 23 ነጥብ 18 እና ከዚያ በታች ያገኘ ያሰጋል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ታዲያ ቁጥሩ የሚጻፈው ለፋይል ማድመቂያ ነው? 1 ያገኘ ሰው በየስንት ሰዓቱ ይዙር፣ ማን ያዙረው፣ ተረከዙ ሥር ምን ይደረግ፣ ይህ ካልተከተለ ቁጥሩ ምን ይሠራል?

ጤና ሚኒስቴር ሆስፒታሎች አዲስ የወጣ የአልጋ ቁስል እንዲቆጥሩ መመሪያ አውጥቷል። ደግ አደረገ! ግን ጀርባው ካልታየ ምን ይቆጠራል? «ዜሮ» ተብሎ ሪፖርት ይላካል፤ በዜሮው ይጨበጨባል።

ሲስተሮቹን ብቻ ልራገም ብል ግን ግፍ ነው። በሌሊት አንዲት ተረኛ ለመላው ክፍል ስትሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ ሳለ የአካባቢው የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ውጊያ መጣ። ፍራሽ የለም፣ ሰው የለም ሲሉኝ አምናለሁ።

ፍራሽ ስለጠፋ ግን ጥያቄም ይጥፋ? «ዛሬ ከትናንት ይሻላሉ? እግርዎን ያንሱ እስቲ፣ ልቀመጥ ቢሉ ይችላሉ?» ለማለት ጤና ቢሮ በጀት አይለቅም። እጅ ካነሰ እኛ አስታማሚዎቹ አለን! ከገጠር ጋቢያችንን ይዘን መሬት ላይ የምናድረው ለዚሁ ነው። አንድ ቀን ቢያሳዩን፣ በየሁለት ሰዓቱ አዙሩት ብለው ሰዓቱን ግድግዳው ላይ ቢለጥፉልን ማን እምቢ ይላል? ኃላፊዎቹም ለጉብኝት ሲመጡ ካርዱን አገላብጠው አይሂዱ፤ አንሶላውን ይግለጡ። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና አልጋው ላይ ያለው ሰው ይገጥም እንደሆነ በዓይናቸው ይዩ።

አጎቴ ቤቱ ገብቷል። ዳሌው ገጥሟል፣ በምርኩዝ እስከ ማንጎው ድረስ ይሄዳል። ቁስሉን ግን እኅቴ እስካሁን ታጥበዋለች።