የተበጠሰ ክር

በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በጉለሌ ሽሮ ሜዳ የሚባል ሰፈር አለ። በዚያም ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ሸማ ይሠራሉ። ሸማኔ ክር ሲበጠስበት አጥብቆ አይስብም፤ ቢስብ ሌላው ይበጠስበታልና። ሥራውን አቁሞ ሁለቱን ጫፍ ፈልጎ በቀስታ ይቀጥለዋል።

የደከመ ክርስቲያንንም ማገዝ እንዲሁ ነው። የጽዋ ማኅበር በየወሩ፥ የሚካኤል እንደ ሆነ በ12፥ የማርያም እንደ ሆነ በ21 ቀን፥ በማኅበርተኞቹ ቤት በየተራ ይደረጋል። ተራው የደረሰ ድኻ ግን ዳቦና ጠላ የሚያዘጋጅበት ቢያጣ፥ አፍሮ ይቀራል። ያን ጊዜ ብዙዎች «ሃይማኖቱ ቀዘቀዘ» ብለው ያሙታል። ያስቀረው ግን ችግር ነው እንጂ ክሕደት አይደለም። ሐሜቱን ቢሰማ ፈጽሞ ይርቃል።

ስለዚህ ከመፍረድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። አንድ ወይም ሁለት ወዳጆች በማታ ወደ ቤቱ ይሂዱ፤ ብዙ ሳይናገሩ ያድምጡት፤ የጐደለውንም በስውር ይሙሉለት። በአደባባይ የተሰጠ እርዳታ ሆድን ቢያጠግብም ፊትን ያሳፍራልና።

አንዳንድ ሰው «ለሰነፍ ቢራሩለት ስንፍናውን ያበዛል» ይላል። ነገር ግን ሰነፍና ችግረኛ የሚለዩት ቀርቦ በመጠየቅ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 6፥ የወደቀውን በየዋህነት ማቅናት እንዲገባ አስተምሯል።

ልጆች ሆይ፥ ከጓደኞቻችሁ አንዱ ከትምህርት ቤት ቢቀር፥ ከማማታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁት።