ማጣሪያ ማደል የሥራው ግማሽ ነው

እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎች በቤታቸው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ እርሳስ እንዳለበት ከጋዜጣ ተረዱ። መነሻው በኖቬምበር 2000 የተደረገ ለውጥ ነበር። ውሃውን ለማከም ያገለግል የነበረው ክሎሪን በክሎራሚን ሲተካ፣ በአሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ ለዓመታት የጋገረው መከላከያ ሽፋን ተሸረሸረ፤ እርሳሱም ወደ ውሃው ገባ። ከ6,000 በላይ ቤቶች ተፈትሸው ከ4,000 በሚበልጡት፣ የፌዴራል መንግሥት በጊዜው ለእርምጃ መነሻ ካደረገው በቢሊዮን 15 እጅ ያለፈ እርሳስ ተገኘባቸው። በዚያው በ2004 ከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግን አወጣች፤ አማርኛም የመንግሥት ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ።

እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ዛሬ የሚገናኙት በቤት ውሃ ማጣሪያ ላይ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በኦክቶበር 2024 ባወጣው ደንብ መሠረት አብዛኞቹ የውሃ አቅራቢዎች የእርሳስ ቧንቧዎቻቸውን በ10 ዓመት ውስጥ ነቅለው መጨረስ አለባቸው፤ ለእርምጃ መነሻ የሆነው መጠንም ከ15 ወደ 10 ዝቅ ብሏል። እስከዚያው ድረስ ግን በቧንቧውና በሕፃኑ ጽዋ መካከል የሚቆመው ማእድ ቤት ውስጥ ያለው ማጣሪያ ነው። ይህ ዕቃ የግል ንብረት ይምሰል እንጂ የሕዝብ ጤና ጥበቃ አካል ሆኗል። በመሆኑም ማጣሪያ የሚያድል አካል ኃላፊነቱ ዕቃውን በማስረከብ አያበቃም፤ ተቀባዩ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳትና ተተኪውን በጊዜው ማድረስም የእርሱ ሥራ ነው።

ነባሩ ልማድ የማይመልሰው አደጋ

ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተሰብ ስለ ንጹሕ ውሃ የራሱን ዕውቀት ይዞ ነው የመጣው። ድፍርስ ውሃ እስኪጠልል ይቆያል፤ የሚያጠራጥር ውሃ ይፈላል። ይህ ጥበብ ለተሕዋስያን ትክክለኛ መድኃኒት ነው። እርሳስ ግን በመፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን በቀረው ውስጥ ክምችቱ ይጨምራል። ቀለም፣ ሽታና ጣዕም ስለሌለውም ዓይንና ምላስ አያስጠነቅቁም። ለሕፃን የሚበጠበጠውን ወተት በፈላ የቧንቧ ውሃ የምታዘጋጅ እናት ልጇን የጠበቀች ይመስላታል። ጀበናው ቶሎ እንዲፈላ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ የሚቀዳም፣ ሙቅ ውሃ እርሳስን ይበልጥ እንደሚያሟሟ የነገረው የለም። ልማዱ ስሕተት አይደለም፤ የተበጀው ለሌላ አደጋ ነው። ለሕፃናት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ የጤና ባለሥልጣናት ስለሚያስረዱ ግን፣ ይህ የመረጃ ክፍተት በልጆች አእምሮ ዕድገት ላይ የሚከፈል ዋጋ አለው።

ምርጫውና እንክብካቤው

ማጣሪያ ለመግዛት ወደ መደብር የሚሄድ ሰው የሚገጥመው ሌላ ግርታ ነው። በጆግ መልክ የተሠራ አለ፤ በቧንቧው አፍ ላይ የሚገጠም አለ፤ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚቀበርም አለ። ሁሉም ማለት ይቻላል «የተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ ይዘዋል። ቁም ነገሩ ግን በቁጥሩ ላይ ነው። «ኤንኤስኤፍ 42» የሚለው መለኪያ በዋናነት የክሎሪንን ጣዕምና ሽታ ስለመቀነስ ይናገራል። እርሳስን የሚመለከተው «ኤንኤስኤፍ 53» ሲሆን፣ እርሱም ብዙ ዓይነት በካዮችን ስለሚያካትት ማሸጊያው ላይ እርሳስ በስሙ መጠቀስ አለበት። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው ዘዴ «ኤንኤስኤፍ 58» በሚለው ይመዘናል፤ ጥሩ ያጣራል፣ ነገር ግን ከቧንቧ መስመር ጋር መያያዝ ስላለበትና ከፊሉን ውሃ ስለሚያፈስ ለተከራይ ሁልጊዜ አይመችም። ለአብዛኛው ተከራይ ቤተሰብ በ53 ለእርሳስ የተረጋገጠ ጆግ ወይም በቧንቧ አፍ የሚገጠም ማጣሪያ ይበቃል።

ይበቃል የሚባለው ግን በአግባቡ ከተያዘ ነው። ተቀያሪው የማጣሪያ ክፍል ዕድሜው እንደ ዓይነቱ ከ2 እስከ 6 ወር ይደርሳል፤ ስሌቱም በጊዜ ብቻ ሳይሆን ባጣራው የውሃ መጠን ጭምር ነው። ለቡና፣ ለሻይ፣ ለወጥና ለሊጥ ሁሉ ከአንድ ጆግ የሚቀዳ ብዙ ቤተሰብ፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ወር ቀድሞ ይጨርሰዋል። ሙቅ ውሃ ማሳለፍ ማጣሪያውን ሊያበላሽ ይችላል። አዲሱ ክፍል ከመጠጣቱ በፊት በመመሪያው መሠረት መታጠብ አለበት። በቧንቧው አፍ ላይ ያለችው ወንፊትም የእርሳስ ቅንጣት ስለምትይዝ በየጊዜው ተፈትታ መጽዳት ይኖርባታል። ጊዜው ያለፈበት ማጣሪያ ከውጭ ሲያዩት ከአዲሱ አይለይም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሳይጠበቅ የተጠበቀ መስሎት ይኖራል።

ሌሎች ከተሞች ያሳዩት

ይህን ሸክም መንግሥት ሊሸከመው እንደሚችል ሁለት ከተሞች አሳይተዋል። የዴንቨር የውሃ ድርጅት ከ2020 ጀምሮ የእርሳስ ቧንቧ አላቸው ተብለው ለተመዘገቡ ቤቶች ጆግና ተተኪ ማጣሪያ በነፃ ይልካል፤ መላኩንም የሚያቆመው ቧንቧው ከተቀየረ ከ6 ወር በኋላ ነው። ኒውዋርክ በበኩሏ በ2019 ባወጣችው ሕግ፣ የቤቱ ባለቤት ባይገኝም ቧንቧውን ለመቀየር የሚያስችል ሥልጣን አገኘች፤ ከ3 ዓመት ባነሰ ጊዜም ከ23,000 በላይ ቧንቧዎችን ያለ ክፍያ ቀየረች።

የፌዴራሉ ደንብ ቧንቧ ሲቀየር ማጣሪያና ለ6 ወር የሚበቃ ተተኪ እንዲሰጥ ያዛል። ከመቀየሩ በፊት ባሉት ዓመታት ግን የማደሉ ግዴታ በአብዛኛው የሚመጣው የእርሳሱ መጠን በተደጋጋሚ ከወሰኑ ሲያልፍ ነው። ክፍተቱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

በቧንቧ ለውጥ ላይ የሚሠሩ አንዳንድ ተሟጋቾች፣ ለማጣሪያ የሚሰጥ ትኩረት ዋናውን ግዴታ ያዘናጋል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው መሠረት አለው፤ ማጣሪያ የቧንቧ ምትክ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን ዛሬ ጡጦ የሚይዝ ሕፃን የ10 ዓመቱን ዕቅድ ፍጻሜ አይጠብቅም። ከዚህም በላይ ለተተኪ ማጣሪያ በየጊዜው የሚያወጣ የውሃ አቅራቢ፣ ቧንቧውን ቶሎ ለመንቀል ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል።

ሕግ አውጪዎች ሊያደርጉት የሚገባ

አንደኛ፣ ማጣሪያውን የሚያድለው የከተማ መሥሪያ ቤትም ይሁን የውሃ ድርጅት ወይም ተቋራጭ፣ ማስታወቂያውና የአጠቃቀም መመሪያው በአማርኛም እንዲቀርብ በግልጽ ይደንገግ። መመሪያው ማፍላት እርሳስን እንደማያስወግድ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይናገር። የዲሲ የቋንቋ ሕግ ከከተማዋ ወሰን ስለማያልፍ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያም ተመሳሳይ ድንጋጌ ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛ፣ ተተኪ ማጣሪያ ቧንቧው ከተቀየረ በኋላ እስከ 6 ወር ድረስ በነፃ ይላክ፤ ብዛቱም በቤተሰቡ ቁጥር ይወሰን።

ሦስተኛ፣ የውሃ ሂሳብ በአከራዩ ስም የሚመጣበት ተከራይ በራሱ ስም ማጣሪያ የመቀበል መብት ይኑረው፤ የአከራዩ ዝምታም ቧንቧ መቀየርን አያግድ።

አራተኛ፣ ሪፖርቶች የታደለውን ጆግ ብቻ ሳይሆን በጊዜው የደረሰውን ተተኪ በየሠፈሩና በየቋንቋው ይቁጠሩ። ቤተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ዕድሮች ለዚህ ሥራ ተባባሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በጀቱና ተጠያቂነቱ ግን የመንግሥት ሆኖ መቆየት አለበት።

የዲሲ ነዋሪዎች በ2004 የጎደላቸው ማጣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የሚጠጡትን የሚነግራቸው ሰው ነው። ተተኪ የሌለውና በማይነበብ ቋንቋ የታሸገ ማጣሪያ ያንኑ ዝምታ ወደ ማእድ ቤት ይመልሰዋል።