«መጀመሪያ ጻፉ፤ ጊዜ ከተረፈ ሣሉ»

በሶማሌላንዷ ሃርጌሳም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በብዙ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍሎች የሥዕል ተራ የሚደርሰው ጽሕፈቱ ካለቀ በኋላ ነው። ልጁ ሰሌዳ ላይ ያለውን ይገለብጣል፤ ቀድሞ የጨረሰ ከሥሩ አበባ ወይም ባንዲራ እንዲሥል ይፈቀድለታል። ይህን ሥዕልንና ጽሕፈትን አጣምሮ ማስተማር የሚሉት አሉ። እኔ ሁለቱንም የሚጎዳ አሠራር ነው እላለሁ። ሥዕሉ የፍጥነት ሽልማት ሆኗል፤ ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ሐሳብ ቅጂ። እጁ የሚዘገየው ልጅ፣ ሥዕል ከማንም በላይ የሚጠቅመው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ሳይሥል ደወሉ ይደወላል።

ሥዕሉ መቅደም አለበት። የሰባት ዓመት ልጅ «ስለ ትናንት ጻፍ» ቢባል ወረቀቱ ላይ ያፈጣል። ሣል ሲባል ግን አያቱን፣ ፍየሏን፣ ውሃ የጫነችውን የአህያ ጋሪ ያወጣል። ይህን ሲያደርግ እያሰበ ነው፤ ማን ነበረ፣ የት፣ ቀጥሎስ ምን ሆነ የሚለውን እየደረደረ ነው። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ የልጆችን ሥዕል ወደ ጽሕፈት የሚያደርስ መንገድ አድርጎ ያየው በዚህ ምክንያት ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ግሬቭስም እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትንንሽ ልጆች ከመጻፋቸው በፊት የሚሥሉት ለጽሑፋቸው መዘጋጃ መሆኑን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ካየው ተነሥቶ አስረድቷል።

ሃርጌሳ ለዚህ የተመቸች ናት። ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. በ1972 በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ሲወሰን፣ አጻጻፉ ድምፁን ተከትሎ እንዲሄድ ተደረገ፤ ረጅም አናባቢ እንኳ ፊደሉን በመድገም ይጻፋል። ስለዚህ ፊደላቱን የለየ ልጅ፣ ከሣለው ግመል አጠገብ ስሙን ጆሮውን አምኖ መጻፍ ይችላል። ሰሌዳ ምን ያደርግለታል? የእኛም ፊደል በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻቸውን ሀ ሁ ካስቆጠሩ በኋላ ገበታውን ደጋግመው ከማስቀዳት ይልቅ ሥዕል አሥለው ስም ቢያስጽፉበት ይሻላል።

ከተማዋ ራሷ ሥዕልንና ጽሕፈትን ለያይታ አታውቅም። በየሱቁ ግድግዳ ላይ የሚሸጠው ዕቃ ተሥሎ ከጎኑ የሱቁ ስም ይጻፋል። መሃል ከተማ፣ የሚግ አውሮፕላን የቆመበት ሐውልት መደብ ላይ የእርስ በርስ ጦርነቱ መከራ በሥዕል ተነግሯል፤ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ሃርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በአየር እንደተደበደበች ከዚያ ያያል። ከከተማዋ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በላስ ጌል፣ አንገታቸው ያጌጠ ላሞች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ዐለት ላይ ቆይተዋል። በዚህ አገር በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሥዕልን የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ማድረግ ያሳዝነኛል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ታትሞ የሚታደለው፣ ቀለም ብቻ የሚቀባ ሥዕል ነው። ቢራቢሮዋን የሣላት ሌላ ሰው ነው፤ ልጁ የወሰነው ቢጫ ትሁን ቀይ የሚለውን ብቻ ነው። ስለ እሷ ጻፍ ቢባል ምን ይበል? «ይህች ቢራቢሮ ናት» ብሎ ያቆማል፤ አስተማሪውም ልጁ መጻፍ አይችልም ብሎ ይደመድማል።

ሰውና እንስሳ መሣሉን በሃይማኖት ምክንያት የማይወዱ ቤተሰቦች አሉ። ሐሳባቸው ሊከበር ይገባል፤ ሊከበርም ይችላል። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ይሣሉ፤ ሱቁን፣ ዛፉን፣ ድልድዩን፣ ሶማሌ ሴቶች ምንጣፍ ላይ የሚያወጡትን ጥለት። በተለይ የመንገድ ሥዕል መጀመሪያና መጨረሻ ስላለው ታሪክ ለማስጻፍ የሚተካከለው የለም። ክፍሉ ተጨናንቋል፣ ቀለም የለም የሚለውንም እሰማለሁ። መጨናነቁ እውነት ነው፤ አስተማሪው የሚሸከመውን አውቃለሁ። ቀለም ግን አያስፈልግም። እርሳስና የገጹ ላይኛው ግማሽ ይበቃል፤ ልጆቹም አስተማሪውን ሳይጠብቁ የሣሉትን እርስ በርሳቸው ይነጋገሩበታል።

ከቅደም ተከተሉ ጋር እርማቱም መለወጥ አለበት። የቀይ እስክሪብቶ ራይት ለልጁ ምንም አይነግረውም። አስተማሪው በየቀኑ የጥቂት ልጆችን ደብተር ብቻ ወስዶ፣ ከሥዕሉ ሥር «ይህ ማነው? ወዴት እየሄደ ነው?» ብሎ ይጻፍ፤ ልጁም መልሱን በማግሥቱ እዚያው ይጻፍ። የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጁትም ለሚገለበጠው መስመር የሰጡትን ቦታ ለልጁ ሥዕል ይልቀቁለት።